የአባዬ ደጃፍ

አባዬ ፓርኪንሰን እንዳለበት ካወቅን አራት ዓመታችን ነው። ለቀጠሮ ሌሊት ከአምቦ ተነስተን፣ ጊንጪንና ሆለታን አልፈን አዲስ አበባ ስንደርስ እግሩ ድርቅ ይላል። ሐኪም የሚያየው መንገድ ያደከመውን ሰው ነው። አገራችን የነርቭ ስፔሻሊስት በጥቁር አንበሳ ማሠልጠን የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ያሉት እዚያው አዲስ አበባ።

ባለፈው ዶክተሯ «እስቲ ቤታችሁ ሆናችሁ በቪዲዮ ልየው» አለች። ስልኬን ይዤ ተከተልኩት። ሳሎኑን በደህና ተራመደ፤ ደጃፉ ላይ ግን እግሩ መሬት ላይ የተሰፋ ይመስል ቆመ።

«አባባ፣ መድኃኒቱን በምን ነው የሚውጡት?»

«በወተት ነዋ ልጄ፣ ሆዴን እንዳይጎዳኝ።»

ለካ ሌቮዶፓ አንጀት ውስጥ ከፕሮቲን ጋር መተላለፊያ ይሻማል። አራት ዓመት ሙሉ ወተቱን ለማንም አንስተን አናውቅም። ከምግብ በፊት በውኃ እንዲወስድ፣ ደጃፉ ላይም የሚሻገረው ነጭ መስመር እንድናሰምር ነገረችን።

ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ። የክንዱን ግትርነት በስልክ ዳብሶ ማወቅ ስለማይቻል አሁንም አልፎ አልፎ እንሄዳለን። አባዬ አልዳነም። ዛሬ ጠዋት ግን መስመሩን ተሻግሮ ወጣና ፀሐይ ሞቀ።