ቀይ ይሻላል ቢጫ?

እኛ ቤት ሰሞኑን ጭቅጭቁ ሁሉ ስለ ፍሬን ቀለም ነበር። የቪትዛችን የፊት ካሊፐሮች (ያው፣ በቸርኬው ቀዳዳ የሚታዩት፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ብረቶች) ዝገዋል። እና ምን እናልብሳቸው?

ወንድማችን «ብሬምቦ» የተጻፈበት ቀይ የፕላስቲክ ሽፋን አማረው። እኛ እህቶቹ አፈርን። ብሬምቦ እኮ ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የጣሊያን ድርጅት ነው፤ የኛዋ ሚስኪን ከኋላ ዲስክ እንኳ የላትም፣ ድራም ናት። ደግሞ ፕላስቲክ ከጋለ ብረት ጋር! ቢጫስ? ፖርሽ ቢጫ የቀባው ዲስኩ ሴራሚክ መሆኑን ለማሳወቅ ነው፤ የኛ ቢጫ ምን ሊያሳውቅ ነው?

በመጨረሻ ሙቀት የሚችል ቀይ ቀለም ገዛን። ቅዳሜ ጠዋት የሽቦ ብሩሽና ዲስኩን የምንሸፍንበት ፕላስተር ይዘን መካኒክ ጋ ሄድን። ጎማው ወለቀ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና ስለ ቀለም ትንፍሽ አላለም።

«በዚህ ሸራ ነው የምትነዱት?»

ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን መብላት ጀምሯል። ባለፈው እሁድ በዚሁ ሸራ እማዬን ይዘን ከእንጦጦ ወርደናል። ሲጮህም ሰምተናል እኮ! ሙዚቃውን ከፍ አደረግን እንጂ ምንድነው ብሎ የጠየቀ የለም። (ከመሀላችን ጥያቄ መጠየቅ ተምራ በጋዜጠኝነት የተመረቀች አለች፤ ስሟን አንጠራም።)

በእጃችን የነበረው ብር ለሸራና ለዲስክ ሄደ። ካሊፐሮቹ እንደዛጉ ናቸው፣ ቀለሙ አልጋ ሥር ተቀምጧል። እማዬ ግን እስካሁን አልሰማችም፤ አደራ።