ሆንግ ኮንግ በአምስት ዓመት ልጅ እግር

ሆንግ ኮንግ የሚለው ስም በአገሬው ቋንቋ «መልካም መዓዛ ያለው ወደብ» እንደ ማለት ነው። ስለ ከተማው የሚጻፈው ብዙው ነገር ሰማይ ጠቀስ ሕንፃውን፣ ገበያውንና የሌሊት መብራቱን ያስቀድማል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከሕንፃው በፊት የሚያሳስቡ ነገሮች አሉ፤ ደረጃው፣ ወረፋው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የሚበላውና የእንቅልፍ ሰዓቱ። እኔም ባለፈው ኅዳር የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ስምንት ቀን የዞርኩት በዚሁ ስሌት ነው።

ለእኛ ነገሩ ተራ ሽርሽር አልነበረም። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደዚያ ስሄድ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። አዊ ዞን ጥርባ፣ ከእናቴ ዘንድ ቀረች። ልጅ በአያት እጅ ማደጉ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እናቴም አሳምራ አሳድጋታለች። ይሁን እንጂ ልጅ የምታውቀው ያጎረሳትንና ያስተኛትን ሰው ነው። አባቷ ይዟት ሲመጣ እናቴን «እማዬ»፣ እኔን ደግሞ በስሜ ትጠራ ነበር። ከእኔ ይልቅ የአባቷን እጅ ይዛ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጣች።

ከዚያ ወደ ከተማው የገባነው በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው። ልጅ ያለው ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ የፊቱን ወንበር ቢይዝ ጉብኝቱ ከዚያው ይጀመርለታል። ትልልቅ ድልድዮች ካለፉ በኋላ የኩዋይ ቹንግ የኮንቴይነር ወደብ ይታያል። ይህ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዓመታት በኮንቴይነር ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ነበር። ልጄ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሣጥኖች ተደራርበው ስታይ «ይሄ ሁሉ የማን ቤት ነው?» አለች። ቤት ሳይሆን የዕቃ ሣጥን መሆኑን፣ ጫማውም አሻንጉሊቱም በዚያ ተጭኖ ባሕር እንደሚሻገር አባቷ ነገራት። የእኛ አገር የባሕር በር ስለሌለው ሣጥኑ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደሚመጣም ጨመረላት። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ትምህርቱ ለአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን አይከብድም።

ያወጣነው ደንብ አንድ ነበር፤ በቀን አንድ ቦታ ብቻ። የመጀመሪያውን ቀን ለስታር ፌሪ ሰጠነው። ይህ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባ ጀልባ ከእ.ኤ.አ. 1888 ጀምሮ በኮውሉንና በሆንግ ኮንግ ደሴት መካከል ሰው ያመላልሳል። ከጺም ሻ ጹይ ተነስቶ ሴንትራል ለመድረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋጋውም ከከተማው ነገሮች ሁሉ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ለልጅ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። የእንጨት ወንበሮቹ መደገፊያ ወደፊትም ወደኋላም ይገለበጣል፤ ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር መንገደኛው መደገፊያውን ገልብጦ ፊቱን ወደሚሄድበት ያዞራል። ልጄ ይህን ካወቀች በኋላ ጀልባው እንዲያልቅባት አልፈለገችም። በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ተሻገርን።

የጥርባ ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። እሷ ውኃ ስትል የምታውቀው ያንን፣ ዙሪያውን ይዞ ዝም ያለውን ነው። እዚህ ግን ውኃው ይገፋል፣ ይረጫል፣ መርከብ ይሸከማል። «የዚህ ዳሩ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመጣች ወዲህ አባቷን ሳይሆን እኔን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳሩ ሌላ አገር እንደሆነ ነገርኳት። አራተኛው ጉዞ ላይ አባቷ ውኃ ሊገዛ ወርዶ ስለቀረ መደገፊያውን ሁለታችን ይዘን ገለበጥነው።

በማግሥቱ ትራም ተሳፈርን። የደሴቲቱ ትራሞች እ.ኤ.አ. በ1904 ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ ዛሬም ባለ ሁለት ፎቅ ሆነው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። ሰዎች በደወላቸው ድምፅ «ዲንግ ዲንግ» ይሏቸዋል። ሰው በኋላ በር ገብቶ፣ ሲወርድ በፊት በር ይከፍላል፤ ርቀቱ ቢረዝምም ቢያጥርም ሒሳቡ አንድ ነው። ሀፒ ቫሊ በሚሄደው መስመር ትራሙ የፈረስ መሮጫ ሜዳውን ይዞራል። የእኛ ልጅ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን አይታ ያደገች ስለሆነች ሜዳውን አላደነቀችም። «ፈረሶቹስ? ያጌጡት የታሉ?» ብላ ጠየቀች። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበር መሥርተው በዓላቸውን ያቆዩትን አባቶች ያየች ልጅ ባዶ ሜዳ ምን ያደርግላታል?

ቪክቶሪያ ፒክ የሚባለው ተራራ የከተማው ኩራት ነው። ገደሉን የሚወጣው የገመድ ባቡር እንደ ስታር ፌሪው ከእ.ኤ.አ. 1888 ጀምሮ ይሠራል፤ ሽቅብ ሲሄድ ሕንፃዎቹ የተጋደሙ ስለሚመስሉ ልጆች ይስቃሉ። የተራራው ጫፍ 552 ሜትር ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአዊ ልጅ ተራራ ልታይ ወደ ታች የመጣች ያህል ነው። ላይ ስንደርስ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ቱሪስቱ ሁሉ ሲያዝን የእኛዋ «እንደ እኛ ቤት ነው» ብላ ተደሰተች። ሰንበት ቀን ወረፋው ረጅም ነው፤ ከልጅ ጋር በሥራ ቀን፣ በማለዳ መሄድ ይሻላል።

ሩቅ መሄድ ያልፈለግንባቸው ቀናት መናፈሻ አላጡም። በኮውሉን ፓርክ ኩሬ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያላቸው ፍላሚንጎዎች አሉ፤ ሆንግ ኮንግ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ሰው በእንጨት ድልድይ ላይ እየሄደ ወፎችን የሚያይበት ትልቅ የወፍ ቤት አለ። ሁለቱም መግቢያ አያስከፍሉም።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲም ሰም የሚባሉት በእንፋሎት የሚበስሉ ትንንሽ ምግቦች ለልጅ እጅ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የአሳማ ሥጋ ስላለባቸው ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። እኔ የነቢያትን ጾም እየጾምኩ ስለነበር ሥጋ የማያቀርቡ የቡድሂስት ምግብ ቤቶች ጠቀሙኝ። ሙስሊም ወገኖቻችን በኮውሉን መስጊድ አካባቢ ሐላል ምግብ አያጡም። ልጄን የያዘላት ግን እንደ አጥሚት ቀጠን ብሎ የሚሠራው የሩዝ ገንፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ሳጎርሳት ትበላ ጀመር።

ሌላም ለሚያስቡ ልንገር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት ስላለበት ጉዳዩን ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ክረምታቸው ሙቀትና ወበቅ፣ አንዳንዴም ከባድ አውሎ ነፋስ አለበት፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው አየር ለልጅ ይመቻል። በባቡርም በጀልባም የሚያገለግለውን ኦክቶፐስ ካርድ መያዝ ሳንቲም ከመፈለግ ያድናል። የምድር ውስጥ ባቡሩ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አያስከፍልም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በወደቡ ግራና ቀኝ ያሉ ሕንፃዎች መብራታቸውን በሙዚቃ ያጫውታሉ። ያኔ ጥርባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በየማታው ከዚያ ሆነን እናቴ ዘንድ እንደውል ነበር። አንድ ማታ እናቴ «ከማን ጋር ነሽ?» ስትላት ልጄ ጥቂት አሰበችና «ከመርከቧ እማ ጋር» አለች። እናቴ ስቃ «እሷስ ጥሩ እናት ናት፤ ያመጣኋት እኔ ነኝ» ብላ መለሰችላት። ቆይቼ እንዳወቅሁት እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ፎቶዬን እያሳየች «እናትሽ ይቺ ናት» ትላት ነበር። ስምንት ቀን የበቃን እሷ መሬቱን አለስልሳ ስለቆየች ነው። የልጅ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆቻችን ይህን ብታደርጉልን ውለታችሁን ከፍለን አንጨርሰውም።

ስምንተኛው ቀን ሲያልቅ ከአባቷ ጋር ተመለሱ። እኔ ትምህርቴን የምጨርሰው ሰኔ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውል እናቴ እንዳለችው፣ ልጄ ዱካዎቹን በረንዳ ላይ ደርድራ የጎረቤት ልጆችን በየአንድ ብር ታሻግራለች። ሲመለሱ ሁሉንም ከዱካ አስነስታ ፊታቸውን ታዞራለች አሉ።