የአባቴ ራሌ በባሕር ዳር ጎዳና

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ገና ቡናው ሳይቀርብ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ «አባትህ ብስክሌቷን ለቁራሌው ሊሰጧት ነው» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋም፣ «አሁን አሁን ነገር ይምታታባቸዋል» ስትል ጨመረች።

ይህን ሁለተኛውን ወሬ እህቶቼም በስልክ ነግረውኝ ነበር። አባዬ 84 ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ። በቅርቡ ደግሞ «ብስክሌቷን የገዛኋት በ1960 ነው» ሲሉ፣ ታላቅ እህቴ «ኧረ አባዬ፣ ከአብዮቱ በኋላ ነው» ብላ በሰው ፊት አረመቻቸው። የቁራሌው ነገር የተነሣው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ብስክሌት ለምን አነሣህ አይለኝም። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ጎዳናዎቿ ሰፋፊ፣ ዳር ዳራቸውም ዘንባባ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። አባዬ ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። እኛ ልጆች ከሩቅ ስናያቸው «ገረመው! ገረመው!» እያልን እንሮጣለን፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949ኙ የሜልቦርን ኦሎምፒክ በብስክሌት የተወዳደረውን ገረመው ደንቦባን ማለታችን ነው። ዛሬ መንገዱን ባጃጅ ወርሶታል። ብስክሌት አልጠፋም፣ ግን ዳር ይዞ፣ ተሳቆ ነው የሚሄደው።

የእኛዋ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የተሠራች ራሌ ናት፤ «ቱሪስት» የሚሏት ዓይነት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ረጅም መንገድ ለመሄድ የታሰበች፣ ጎማዋ ባለ 28፣ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ የኋላው ሞዞ ውስጥ ሦስት ማርሽ የደበቀች።

ልጄና እኔ ከመጋዘኑ አውጥተን በረንዳው ሥር ፈታናት። የኮርቻው ቱቦ በዝገት ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዘይትና ናፍጣ እያንጠባጠብን ሁለት ሌሊት አሳደርነው። ጉድ የሆንኩት ግን በግራው ፔዳል ነው። በኪያቤ ይዤ ወደ ግራ ስታገል እኩለ ቀን ሆነ። አባዬ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ አዙረው» አሉኝ። ወዲያው ለቀቀ። ሲረገጥ በራሱ ጊዜ እንዳይፈታ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የሚሠራው። ልጄ የፔዳሉን ክንድ የያዘውን ሽብልቅ በመዶሻ ሊመታ ሲልም «ቆይ!» አሉት፤ ከሥር በእንጨት ካልተደገፈ ምቱ ለኩሽኔታው ይተርፋል። ነገር ይምታታባቸዋል የተባሉት ሰው እኚህ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሞዞውን በናፍጣ በነከርነው ጨርቅ ስንወለውል «66» የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ስተርሜ አርቸር የሚባለው ፋብሪካ ሞዞው የተሠራበትን ዓመት በሁለት አኃዝ ይቀርጽበት ነበር። ልቤ ወረደ። 66 የአብዮቱ ዓመት ነው! እህቴ ልክ ናት ማለት ነው። አባዬ እንዳያዩት ጨርቁን ጣል አደረግሁበት። ልጄ ግን፣ «አባ፣ እንግሊዞች በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ እንዴ?» አለኝ።

የእነሱ 1966 የእኛ 1958 ወይም 59 ነው። ተሠርታ፣ በመርከብ መጥታ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማ በ1960 ብትገዛ ምን ይገርማል? ለእህቴ ደወልኩና ነገርኳት፤ ከዚያ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲጨርሱ ግን ወደ እናቴ ዞረው፣ «ቁራሌው ከመጣ የሚሸጥ የለም በይው» አሉ።

ጎማ ፍለጋው አደከመን፤ ሱቁን የሞላው ባለ 26 የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው። መላ ያገኘነው ከቻይናው ፎኒክስ ነው፤ የድሮው ባለ 28 ፎኒክስ ጎማና ካላማዳሪያ ለዚህች ራሌ ቸርኬ ልክክ ይላል። በዳዶ ግን አትልፉ። ራሌ የራሱ የጥርስ ልክ ስለነበረው የሌላ ብስክሌት ዳዶ ብዙውን ጊዜ አይገባለትም። ስለዚህ እንዲህ ያለች ብስክሌት ቤታችሁ ካለች አሮጌውን ዳዶና ቡሎን በጣሳ አስቀምጡ እንጂ አትጣሉ።

አንድ ብስክሌት ሠሪ ደግሞ ሞዞውን ግራሶ ሞላልን። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ምላሶች የሚወዱት ቀጭን ዘይት ነው፤ ወፍራም ግራሶ ካጣበቃቸው ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል። ይህን የተማርኩት ከግቢ ወጥቼ፣ ቆሜ ስረግጥ እግሬ ባዶ ገብቶ ደረቴን ከመሪው ጋር ሳላትም ነው። ልጄ ቢሆንስ ኖሮ፣ ያውም ከኋላው ባጃጅ እየመጣ? ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራንም። በማግስቱ አባዬ እየመሩን ፈታነው፣ በናፍጣ አጠብነው፣ በዘይት ቀዳዳዋም ጥቂት ጠብታ አደረግን።

እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ባጃጆቹ ሳይበዙ ወጣን። እሱ በራሌዋ፣ እኔ በኪራይ ብስክሌት። በጊዮርጊስ በኩል ስናልፍ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቅዳሴ ይመጡ ነበር፤ አንዷ ብስክሌቷን አይተው «የማን ናት?» አሉ። ልጄ የአያቱን ስም ጠራ። «እሳቸው አሉ?» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ጣናን በግራ ይዘን እስከ ዓባይ ሄድን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ ድልድይ ላይ ቆመን ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ አየን። ልጄ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ወዳለበት እንውጣ አለ። በማርሽ አንድ እስከ ግማሽ ነዳን፤ የቀረውን እየገፋን በእግራችን ወጣነው።

ስንመለስ አባዬ በር ላይ ቆመው ነበር። እንዴት ነበር ብለው አልጠየቁም። «ኋላዋን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ» አሉት ልጄን። ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩና ጆሯቸውን ወደ ሞዞው አስጠጉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«የማርሹ ሽቦ ትንሽ ላልቷል» አሉ፤ ዱካ አስመጥተውም አጠገቧ ተቀመጡ።