ፓርቲ የለኝም

አባቴ የአሜሪካ ዜግነቱን ባገኘ ሰሞን መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ አብረን ሄድን። ጊዜው 2014 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ፎርሙን የምሞላው እኔ ነበርኩ። 17 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ ከገባንም አምስት ዓመት ሆኖናል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ፎርሙ ላይ እግረ መንገድህን ለመራጭነት ተመዝገብ የሚል ክፍል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ ፓርቲህን ምረጥ የሚል ጥያቄ።

«ፓርቲ ይላል፣ አባዬ።»

ግራ ቀኙን አየ። ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ አማርኛ የሚሰሙ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የለኝም በል» አለኝ።

«ዴሞክራት ወይም...»

«የለኝም በል አልኩህ እኮ። እኔ አገሬን የለቀቅኩት ስሜን የፓርቲ መዝገብ ላይ ላለማስፈር ነው።»

አባቴ በወጣትነቱ ኢሠፓን አይቷል፤ መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ኢሕአዴግን። አባል የሆነ ሰው ምን እንደሚያገኝ፣ ያልሆነ ሰው ምን እንደሚቀርበት አሳምሮ ያውቃል። እኔ ይሄ ሁሉ አልገባኝም። «የትኛውም ፓርቲ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩና ወደ ዓይን ምርመራው ሄድን።

ሚያዝያ 2016 ላይ አብረን ልንመርጥ ወጣን። ሂላሪ ክሊንተንና በርኒ ሳንደርስ የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን የሚፎካከሩበት ጊዜ ነው። እኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ እንደ ጓደኞቼ ሁሉ የበርኒ ሰው። አባቴ የሂላሪ። ቤት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ሰላም አልነበረም፤ እናቴ እራት ላይ የምርጫ ወሬ ከልክላ ነበር። እሱ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ ከፓርኪንግ ጋራዡ በቀጥታ መጣ፤ ሳይተኛ፣ ሸሚዙን ብቻ ቀይሮ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ውጤቱን አስቀድሞ የማያውቀው ምርጫ ላይ ሊሳተፍ ነው።

ለእኔ ረዥም ወረቀት ሰጡኝ። ለእሱ አጭር። የእሱ ላይ የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሂላሪ የለችም፤ ማንም የለም።

ሜሪላንድ «ዝግ» የሚባለውን የዕጩ ምርጫ ከሚከተሉት ግዛቶች አንዷ ናት። የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላለው አጎቴ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ እዚያ መራጭ ሲመዘገብ ጭራሽ ፓርቲ አይጠየቅም። የአስራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ድልድዩ ካልተጨናነቀ። አባቴ የትምህርት ቦርዱን ዝርዝር ለረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ጥቁሩን እስክሪብቶ አንስቶ ከማያውቃቸው ሰዎች አንዱን መረጠ። መኪና ውስጥ ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፦ «ምን ብለህ ነበር የሞላኸው?»

በዚያ ዓመት «ምርጫው ተጭበረበረ» ከሚሉት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ፤ የምናገረው ደግሞ እንዲያው በባዶ አልነበረም። ከ700 በላይ ሱፐር ዴሊጌት የሚባሉ የፓርቲ ሹማምንት ሕዝቡ የፈለገውን ቢልም የፈለጉትን ዕጩ መደገፍ ይችሉ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በሚያዝያ 2016 ለመምረጥ ፓርቲውን የሚቀይር ሰው መቀየር የነበረበት እስከ ጥቅምት 9 ቀን 2015 ነው፤ ከስድስት ወር በፊት። የትራምፕ ልጆች እንኳን ይሄ ቀን አምልጧቸው አባታቸውን ሳይመርጡ ቀርተዋል። ብሩክሊን ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከመዝገብ ተሰርዘው ተገኙ። በሐምሌ የፓርቲው ኢሜይሎች ሲወጡ ሊቀ መንበሯ ዴቢ ዋሰርማን ሹልትዝ ከሥልጣን ለቀቀች። ይሄን ሁሉ ለአባቴ እንደ ክስ መዝገብ እየዘረዘርኩ አነብለት ነበር።

የማላነብለት ግን አንድ ነገር ነበር። ዋሽንግተን ግዛት። ሲያትል ያለችበት።

ዋሽንግተን በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ መረጠች። መጋቢት ላይ ዴሞክራቶቹ ኮከስ አደረጉ። ኮከስ ማለት የዕድር ስብሰባ አስቡት፦ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ትመጣላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ሰው በሰው ትቆጠራላችሁ። 230 ሺህ ያህል ሰው መጣ፤ ሳንደርስ 73 በመቶ ያህል አግኝቶ ጠራረገ። ግንቦት ላይ ደግሞ ግዛቱ በፖስታ የሚላክ የድምፅ መስጫ ወረቀት አሰራጨ። ከ800 ሺህ በላይ ሰው መለሰ። በዚህኛው ያሸነፈችው ክሊንተን ናት፣ 52 በመቶ ገደማ። የፓርቲው ተወካዮች የተከፋፈሉት ግን በመጀመሪያው፣ ትንሽ ሰው በመጣበት ነው። የሁለተኛው ውጤት ከወረቀት አላለፈም።

በእርግጥ ሁለተኛው እንደማይቆጠር ሁሉም ያውቅ ስለነበር ተወዳዳሪዎቹም ብዙ አልደከሙበትም። ይሄን ሰበብ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ሲያይ ዝም ማለት ይቸግረዋል። ያው ግዛት፣ ያው ፓርቲ፣ ያው ሁለት ሰዎች፤ በሩን ብቻ ስትቀይረው መልሱ ተገለበጠ። እኔ የማጭበርበር ሽታ ስፈልግ የነበረው ሰው በተንኮል በሚገባበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ሰው ስብሰባ ላይ አለመገኘቱን ማንም ተንኮል አይለውም። የሚጠቀመው ደግሞ የእኔ ሰው ነበር። የሌሊት ሺፍት የሚሠራው አባቴ ሲያትል ቢኖር ኖሮ በየትኛው ነበር የሚመርጠው? መልሱን ስለማውቀው አልጠየቅኩትም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን 2020 ማታ፣ እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ጀማሪ ፕሮግራመር። የአይዋን ኮከስ ውጤት ልጠብቅ ቁጭ አልኩ። አይዋ ከሁሉም ቀድማ የምትመርጥ ግዛት ስለነበረች ዓለም ሁሉ ያያታል። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። አባቴ ከጋራዡ ደወለ፣ እሱም በስልኩ እየተከታተለ ነው።

«ቆጠራው የት ደረሰ?»

«አፑ ተበላሽቷል እያሉ ነው።»

«ምርጫ በአፕ ነው እንዴ?»

ምርጫው በአፕ አልነበረም። ሰዎቹ በአካል ነው አዳራሽ ውስጥ ጥግ ይዘው የቆሙት። አፑ የየጣቢያው ሊቀ መንበር ውጤቱን ወደ ማዕከል የሚልክበት ነበር። ብዙዎቹ መግባት አቃታቸው፤ በስልክ ሲሞክሩ መስመሩ ተጨናነቀ። በማግስቱ ፓርቲው የገባው መረጃ ትክክል እንደሆነ፣ ነገር ግን አፑ በኮድ ስህተት ምክንያት የሚያስተላልፈው ከፊሉን ብቻ እንደነበር ገለጸ። ያን ሌሊት ሆዴን አመመኝ ብል ማጋነን አይደለም። በሳምንቱ እኔም ሳልፈትነው አርብ ማታ የለቀቅኩት ኮድ ነበረኝ። የእኔ ሲበላሽ የሚበሳጨው አለቃዬ ብቻ ነው።

ቆይቶ የገባኝ ግን አፑ ትንሹ ችግር እንደነበር ነው። በዚያን ጊዜው የአይዋ ሕግ መጀመሪያ ሁሉም ይሰለፍ ነበር፤ ብዙ ቦታ 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይበተንና ወደ ሌላ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ የሰው ቁጥር ወደ ተወካይ ቁጥር ይቀየር ነበር፤ እኩል የሆነ ነገር ሲያጋጥም ሳንቲም ይወረወር ነበር። በየደረጃው ቁጥር ይጠጋጋ ነበር። የሂሳብ ስህተት ያለባቸው ወረቀቶች ተገኙ፤ የፓርቲው ጠበቃ ግን ሊቀ መንበሩ የፈረመበት ወረቀት ሕጋዊ ሰነድ ስለሆነ ሂሳቡን ማስተካከል አይቻልም አሉ። መጨረሻ ላይ በመጀመሪያው ሰልፍ ሳንደርስ ከፒት ቡቲጄጅ በ6 ሺህ ሰው ያህል በለጠ፤ ከአይዋ ብዙ የብሔራዊ ጉባኤ ተወካይ ያገኘው ግን ቡቲጄጅ ነው፣ 14 ለ12። ይሄኛው ደግሞ የእኔን ሰው ጎዳው። ሪፐብሊካኖቹም ቢሆኑ በ2012 እዚያው አይዋ ላይ ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፈ ብለው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሪክ ሳንቶረም በ34 ይመራል አሉ፤ የስምንት ጣቢያ ውጤት ደግሞ እንደጠፋ ቀረ።

ያን ሁሉ ግርግር ለመታዘብ የወጣው ዴሞክራት 176 ሺህ ያህል ነበር። በ2008፣ በኦባማ ጊዜ፣ 240 ሺህ ገደማ ነበር። በግዛቲቱ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ ዜጋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው።

ከዚያ ቀን ግን አንድ ወሬ ለአባቴ በደስታ ያነበብኩለት ነበር። አይዋ በዚያ ዓመት ማታ በአንድ ሰዓት አዳራሽ መገኘት ለማይችሉ ሰዎች ተጨማሪ ቦታዎች ፈቅዳ ነበር። ከቀኑ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ኦተምዋ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በሠራተኛ ማኅበር አዳራሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ተካሄደ። የመጡት የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሰዓት ሺፍታቸው በፊት። 15 ሰዎች። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነበሩ። 14ቱ ለሳንደርስ ቆሙ።

«የእኛ ልጆች? አሳማ ቤት?» አለ አባቴ መጀመሪያ። ጾም ላይ ባይሆንም ያው ነው። ከዚያ ዝም አለ። «ሺፍት ከመግባታቸው በፊት አልክ?»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ነው የፈጀባቸው?»

ይሄን አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ራሱ ኮምፒውተሬን ተበደረና ፓርቲውን እንድቀይርለት ጠየቀኝ። ሳጥኑ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ፤ «ዝርዝሩን ማን ነው የሚያየው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ ዝርዝሩን ፓርቲዎቹም የምርጫ ቅስቀሳ የሚያደርጉትም ያገኙታል። ትንሽ ቆይቶ «ይሁን» አለ። ይሄን ቃል ያለበትን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

የሜሪላንድ ምርጫ ሚያዝያ መጨረሻ ነበር የታቀደው። ኮቪድ መጣና ወደ ሰኔ 2 ተዛወረ፣ በአብዛኛው በፖስታ። ሳንደርስ ሚያዝያ 8 ላይ ውድድሩን አቁሟል፤ ባይደን ብቻውን ቀርቷል። የአባቴ ረዥሙ ወረቀት በመጨረሻ የኩሽና ጠረጴዛችን ላይ ሲዘረጋ ከአሥር በላይ ስም ነበረው፣ ከአንዱ በቀር የሚፎካከሩት ሁሉ ጥለው የወጡ። መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበ። ማንን እንደመረጠ አልነገረኝም።

በ2024 ግንቦት ላይ ባይደንን መረጠ፤ እዚያም ውድድር አልነበረም። ሐምሌ 21፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡና ላይ ሳለን ባይደን ራሱን አገለለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካማላ ሃሪስ ዕጩ ሆነች። እሱ ይወዳታል፤ ቅር ያለው ሌላ ነገር ነው።

«የእኔ ድምፅ የት ሄደ?»

ድምፁ ወደ ተወካዮች እንደሄደ፣ ባይደን ሲወጣ ተወካዮቹ ነፃ እንደሆኑ፣ እነሱ ደግሞ እሷን እንደመረጡ አስረዳሁት። በ1968 ሁበርት ሃምፍሪ አንድም የዕጩ ምርጫ ሳይወዳደር ቺካጎ ላይ ዕጩ ሲሆን ስለተነሳው ረብሻ፣ ሕዝቡ እንዲመርጥ የተደረገውም ከዚያ በኋላ ስለመሆኑ ማብራራት ጀመርኩ። አቋረጠኝ።

«ተወካዮቹን ማን መረጣቸው?»

ስማቸው ግንቦት ላይ ወረቀቱ ላይ ነበር። ከባይደን ስም በታች፣ በሁለት ረድፍ፣ በትንንሽ ፊደል። እሱ እነማን ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኬን እያየሁ «እሱን ዝለለው አባዬ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ነገርኩት። ስኒውን አስቀመጠ፤ ሳቅ ቢጤ መጣበት።

«ለ2028ቱ እኔው ራሴ አነባለሁ» አለኝ።