ሳተላይቷን ሊያዩ እንጦጦ የወጡበት ሌሊት

አዲስ አበባ ያደጋችሁ የእንጦጦን መንገድ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት እንዲህ ነው። ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ ሲነዳ ሽሮ ሜዳ ይገኛል፤ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ የሚታይበት ሰፈር። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባል። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ አየሩም በየመታጠፊያው ይቀዘቅዛል። አናቱ ላይ ሲደረስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ወደዚህ ተራራ ወጡ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትመጥቅ ለማየት ነበር። የታኅሣሥን ብርድ ለምታውቁ፣ በዚያ ሰዓት እንጦጦ ላይ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

መኪኖቹ የወጡበት ሰዓት ሌሎች ሰዎች በእግራቸው የሚወጡበት ሰዓት ነው። የእንጦጦ እናቶች ለብዙ ዘመን ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ይህንኑ ቁልቁለት ሲወርዱ ኖረዋል። በዚያ እንጨት ገንዘብ ያደግን ስንቶቻችን ነን! ባሕር ዛፉ ራሱ የአውስትራሊያ ዛፍ ሲሆን፣ የማገዶ እጥረት በነበረበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

አሁን ወደ ሮኬቱ እንመለስ። ተራራው ላይ የእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከል አለ። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በየጉልላታቸው ሥር ተቀምጠዋል። ታዲያ በዚያ ማለዳ ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ሰው ምንም አላየም። ሮኬቱ የተተኮሰው ከሰሜን ቻይና፣ ታይዩዋን ከሚባለው ጣቢያ ነበር። እንግዶቹ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው የተመለከቱት በስክሪን የመጣ የቀጥታ ሥርጭት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከማለዳው 12፡22 ገደማ፣ ፀሐይ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት፣ ቻይና ውስጥ ደግሞ ረፋዱ ተጋምሶ ሳለ፣ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት እሳት ተፍቶ ተነሣ።

የእኛዋ ሳተላይት ወደ 70 ኪሎ ትመዝናለች፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ታንሳለች ማለት ነው። ደግሞም ብቻዋን ኮንትራት ይዛ አልሄደችም። የሮኬቱ ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል አብረው የሠሯት ትልቅ ሳተላይት ስትሆን፣ የእኛዋ ከሌሎች ትናንሾች ጋር ተዳብላ ነው የተሳፈረች። ሥራዋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የእርሻውን፣ የደኑንና የውኃውን ሁኔታ ፎቶ ማንሣት ነበር።

በስክሪን ለማየት ተራራ መውጣት ምን ይሉታል ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አልስቅም። እናንተም የምትስቁ አይመስለኝም። የእኅቷን ሠርግ ወጥ ቤት ቆማ በስልክ ያየች፣ የአባቷን ቀብር በሰው እጅ በተያዘ ካሜራ የተከተለች፣ ምስሉ ሲቆራረጥ ልቧ አብሮ የተቆረጠ፣ ሩቅ ሆኖ ማየት እንዴት ያለ ማየት እንደሆነ ታውቀዋለች። ደግሞም ተራራው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሳተላይቷን መልእክት ይቀበል የነበረው የምድር ጣቢያ እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ ስልኩ የሚደወለው እናቱ ቤት አይደል?

«ለተራበ ሕዝብ ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ያን ጊዜም ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወጪው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ተነግሯል፤ ከዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። እንዲህ ያለ ፎቶ ከውጭ ሲገዛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዝናብ የቀረበትን ወረዳ ቀድሞ ማወቅ ደግሞ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፎቶው ብቻውን እህል አይሆንም፤ ማሳው ድረስ ወርዶ ምክር የሚሆንበት መንገድ ካልተሠራ ቢሮ ውስጥ የሚቀር ሥዕል ነው። በኔ ግምት ከባዱ ሥራ ከሮኬቱ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛዋ ሳተላይት በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ እንዲሁ ከቻይና መጥቃለች።

ለዕረፍት አገር የምትገቡ፣ አንድ ማለዳ ለእንጦጦ ስጡት። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ። ጋቢ ያዙ፤ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ስለሚያጥረው ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ከተማው በሙሉ ከጭሱና ከጉሙ ሥር ይታያችኋል።