ጆሮ ጠቢው ባል

ሕዝባችን ሰላይን «ጆሮ ጠቢ» ብሎ መሰየሙ ያለ ነገር አይደለም። በስሙ ውስጥ ሽጉጥ የለም፤ የሚበር መኪና የለም፤ ጥቁር ሱፍና ክራቫት የለም። ማሞ ውድነህ እንደ «ሰላዩ ሬሳ» ያሉ የስለላ መጻሕፍትን ተርጉመው ስላስነበቡን የባሕር ማዶውን ሰላይ በጀብዱው እናደንቀዋለን። የሰፈራችን ጆሮ ጠቢ ብቅ ሲል ግን ወሬ እንቀይራለን።

ለመሆኑ ያ የባሕር ማዶ ሰላይ ጀብዱውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ምን ይሆናል? ሚስቱ «የት አመሸህ?» ስትለው ምን ይመልሳል? ለአዋቂዎች የሚሠራው የውጭ ሲኒማ ከዚህች ጥያቄ ብዙ ሳቅ ቆርሷል። ፈረንሳዊው ክሎድ ዚዲ እ.ኤ.አ. በ1991 «ላ ቶታል»ን ሠራ፤ ጄምስ ካሜሮን ደግሞ ታሪኩን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1994 «ትሩ ላይስ» አደረገው። አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ለሚስቱ ኮምፒዩተር ሻጭ ነው፤ ለመንግሥቱ ሰላይ። የኑክሌር ቦምብ ከታጠቁ አሸባሪዎች ጋር የሚተናነቀው ጎልያድ፣ ለገዛ ልደቱ እራት በሰዓቱ መድረስ ያቅተዋል። የዘውጉ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ዓለምን ማዳን ቀላል፣ ሚስትን ማሳመን ከባድ!

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ኤልያስ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቻችን ባይገባም ነገሩ ገብቶናል። ከጎኔ የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ አንድ ጎልማሳ «ሰሙ ነጋዴ፣ ወርቁ ሰላይ፤ ሚስቲቱ ሰሙን ይዛ ቀርታለች» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከዚያ የተሻለ የፊልም ሂስ እስከ ዛሬ አላነበብኩም።

ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ባል ሚስቱ (ጄሚ ሊ ከርቲስ) ከሌላ ወንድ ጋር መገናኘቷን ይደርስበታል። ሰውየው መኪና ሻጭ ሆኖ ሳለ «ሰላይ ነኝ» እያለ ሴት የሚያማልል ቀጣፊ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግሩም ኮሜዲ ነው። ባል ግን በመንግሥት መሣሪያና በመንግሥት ሰዎች ስልኳን ያስጠልፋል፤ ታጣቂ አሰማርቶ ያስይዛታል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ያስቀምጣትና ከመስታወት ጀርባ ሆኖ፣ ድምፁን ቀይሮ ይመረምራታል። እሷ የምታለቅሰው ለማታውቀው መርማሪ ነው። ለዓመታት የዋሸው እሱ፣ ተጠርጣሪዋ እሷ! ጎልማሳው በዚህ ጊዜ «ይኼስ ምርመራ ነው፤ ጨዋታ አይደለም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያን ዝምታቸውን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። እኛ አገር ስለላ ወደ ቤት የገባው በፊልም አይደለም። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በመጡት የቀይ ሽብር ዓመታት፣ በብዙ ቤት ወላጆች ልጆቻቸው ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ለምደው ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ስለላንና ፍቅርን አንድ ላይ አስተኛቸው፤ ፍጻሜው ግን ሳቅ አልሆነም። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መስታወት ጀርባ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ተመልካች፣ ሰውየው ባል ስለሆነ ብቻ ሊስቅ አይችልም። እንዲያውም ባል መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው!

እንግዲህ ዘውጉ ከነጭራሹ ይቅር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የዳግ ሊማንን «ሚስተር ኤንድ ሚስስ ስሚዝ» ተመልከቱ። ባልም ነፍሰ ገዳይ፣ ሚስትም ነፍሰ ገዳይ፤ ሁለቱም ይደባበቃሉ። የሚስት የጦር ግምጃ ቤት የማብሰያ ምድጃው ውስጥ ነው፤ የባል ከዕቃ ቤቱ ሥር። ምስጢሩም ጥይቱም እኩል ስለተከፋፈለ ቤቱ ሲፈራርስ በሙሉ ልብ እንስቃለን። ካሜሮንም ቢሆን ይህ የገባው ይመስላል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሚስት ራሷ ሰላይ ሆና ከባሏ ጎን ተሰልፋ እናያታለን። ሚዛኑ የተስተካከለው ያን ጊዜ ነው።

የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎቻችን ፍቅርና ሳቅ ያለበትን የቤት ታሪክ ይወዳሉ። አንድ ቀን ሰላይ ባል ይዘው ቢመጡ እሰየው ነው፤ ሽጉጡንም ሳቁንም ይጨምሩበት። ብቻ አንዲት ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማዳመጫው በማን እጅ ነው? በአንዱ እጅ ብቻ ከሆነ የቀረው ሳቅ የመርማሪው ሳቅ ነው።

ቅኔ ዘራፊውም ወርቁን ይደብቃል፤ ነገር ግን ሰሚው እንዲያገኘው ፍንጭ ትቶ ነው፤ ሲገኝበትም ደስ ይለዋል። ጆሮ ጠቢው ባል የራሱን ወርቅ ቆልፎ የሚስቱን ሊፈታ ይነሣል። በአማርኛ ደግሞ ቅኔም ይፈታል፤ ሚስትም ትፈታለች። የትኛውን እየፈታ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ይሆን?