አራት ዜሮ

የልጆችን ጨዋታ በሰዓት መገደብ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። ለእኔ ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆን ተገዢው ምን ዋስትና አለው?

ደዶ ላለው ቤታችን፣ ለአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃችን፣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከጅማ ስንገዛ ገደብ እንዲኖረው ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የገደቡ ማለፊያ ቁጥር አራት ዜሮ ነው። ይህን ያልለወጠ ወላጅ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ትቶታል ማለት ነው። ቁጥሩን መለወጥም ሆነ ለዕድሜው የማይመጥኑ ጨዋታዎችን መዝጋት ደቂቃዎች ብቻ ፈጀ። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። የዕለቱን የጨዋታ ጊዜ በመሣሪያው ለመወሰን አባትም ልጅም በሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት መመዝገብ አለባቸው፤ መመዝገቢያው የመኖሪያ አገር ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ደቡብ አፍሪካ አለች። እንግዲህ ሕግ አክባሪ ልጅ ለማሳደግ አስቀድሞ ስለ አድራሻ መዋሸት ሊያስፈልግ ነው! (እንዲህ በሚያደርጉት አልፈርድም።) ልጄ ግን አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር ያነብ ነበር። አልተመዘገብኩም።

በምትኩ ወረቀት ላይ ጻፍን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨዋታ የለም፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሰዓት፤ የተጀመረ ግጥሚያ ሳያልቅ አይቋረጥም። ይህ የመጨረሻው እርሱ ያስገባው አንቀጽ ነው። «አባዬ፣ መብራት ከጠፋ ይቆጠራል?» አለኝ። እንደማይቆጠር ተጻፈ። «አንተ ብታቋርጠኝስ ለማን እናገራለሁ?» ለእናትህ አልኩት፤ ይህም ተጻፈ።

እኛ ትልልቆቹ ይህንኑ ስንጠይቅ ወረቀት አልቀረበልንም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግሥት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። የሰው ሕይወት እየጠፋ ነበርና የመንግሥት ሥጋት ፈጠራ ነው አልልም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ ተናግረው ነበር። እውነት ነው፤ ፕሌይስቴሽንም አይደለም። ይሁን እንጂ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ለማን አቤት እንደሚባል አስቀድሞ የነገረን አልነበረም።

መንግሥት የአባትን ወንበር ሲወስድም አይተናል። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ የኢንተርኔት ጨዋታ እንዲጫወቱ ወሰነች። ደቡብ ኮሪያ በአንጻሩ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚከለክል ሕጓን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥር ዓመት ከሠራችበት በኋላ ሻረችው፤ ሰዓት መወሰኑንም ለቤተሰብ ተወችው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱም ይቀርባል። ልጄ በመጪው መስከረም ጅማ፣ አክስቱ ዘንድ ሆኖ ይማራል። እዚያ በየሰፈሩ በግጥሚያ የሚያስከፍል ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ የእኔ ማለፊያ ቁጥር እዚያ አይሠራም። ወረቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ነግሮኛል። አንድ አንቀጽ ግን እንዲሻሻልለት ይፈልጋል፤ ከእናቱ ጋር እየተከራከሩበት ነው።